ሳይደርቅ አይቀባም፤ ስለ ግድግዳ ሻጋታና ስለ ቀለም ቅብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሐዋሳ ከተማ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድና ስለ ረጅም ሕንፃ በሚነገርበት በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ግድግዳ ሻጋታ ለመናገር መነሣት ምናልባት እንደ ድፍረት ሊቈጠርብኝ ይችላል። ነገሩ የቤት እመቤቶችና የቀለም ቀቢዎች ጣጣ እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ከመካከላችን እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ አስብ ነበር። ዛሬ ይህን ርእስ የመረጥሁት ያ አስተሳሰብ ሌላ ሰውን ስለ ጎዳ፣ ጉዳቱም በእኔ ምክር የመጣ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ፤ ከዚያም ሻጋታ በግድግዳ ላይ የሚበቅልበትን ምክንያት፣ ምክንያቱ የሚለይበትን መንገድ፣ ከቀለም በፊት ሊሠራ የሚገባውን፣ በመጨረሻም ከማኅበራችን የሚጠበቀውን በየተራ አቀርባለሁ።

የአንድ ስሕተት ታሪክ

ሐዋሳ ውስጥ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን የምኖረው በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ ባለቤታቸው በሞት በተለዩዋቸው በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነበር። እኒህ እናት በጓሯቸው በብሎኬት የተሠሩ አራት ክፍሎች ነበሯቸው፤ የዕለት ጉርሳቸውም ሆነ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈነው ከነዚህ ክፍሎች ኪራይ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ከገጠርና ከአጎራባች ከተሞች ለሥራ የመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ በእንዲህ ዓይነቱ የጓሮ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው በጋራ ተከራይተው እንደሚኖሩ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በእኒያ ክፍሎችም የሚኖሩት እንደዚሁ የፋብሪካ ሠራተኞች የሆኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

በአንድ የግንቦት ወር ዝናቡ ገፍቶ ሳለ፣ እኒህ እናት ጠርተውኝ ከክፍሎቹ በአንደኛው ውስጥ ከአልጋው ራስጌ በስተኋላ የወጣውን ጥቁር ነጠብጣብ አሳዩኝ። «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ዕቁቤ ደርሶኛልና ገንዘቡን ሳላባክነው አንድ ነገር ላድርግበት፤ ምን ይሻላል?» አሉኝ። እኔም በራፉ ላይ ቆሜ፣ ግድግዳውን በእጄ እንኳ ሳልነካ፣ ጥቁሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ስቱኮ ተለብጦበት፣ ሁለት ጊዜ ፕላስቲክ ቀለም እንዲቀባ አዘዝሁ። ለሥራው የተጠሩት ሽማግሌ ቀለም ቀቢ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አሳርፈው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ «ኢንጂነር፣ ይህ ግድግዳ ላብ አለው፤ በጋው እስኪገባ ቢቆይ ይሻላል» አሉ። ስቱኮው ይሸፍነዋል ብዬ ቃላቸውን አለፍሁት።

ክፍሉ በሰኔ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ አማረ። በነሐሴ ግን ቀለሙ ከወለሉ በላይ ባለው የግድግዳ ክፍል እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ቋጠረ፤ በመስከረም ጥቁሩ ከፊተኛው ሰፍቶ ተመለሰ። ከተከራዮቹ አንደኛዋ አስም ያለባት ልጅ ነበረች፤ ሌሊት ሌሊት የምትስለውን ሳል በግድግዳው ማዶ ሆኜ እሰማ ነበር። ሳሉ ከሻጋታው የመጣ ነው ብዬ ለመፍረድ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በጥቅምት እርስዋም ጓደኞቿም ክፍሉን ለቀው ሄዱ። የዕቁቡ ገንዘብ በቀለም አለቀ፤ ኪራዩም ቆመ። እኒያ እናት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ «የሐይቁ ርጥበት ነው፤ ምን ይደረጋል» ብቻ አሉ። ጥፋቱ ግን የሐይቁ አልነበረም።

ሻጋታ ምን ይፈልጋል?

ሻጋታ የሚራባው በዐይን በማይታዩ ረቂቅ ዘሮች ነው። እነዚህ ዘሮች በሜዳውም በቤቱም አየር ውስጥ ምንጊዜም ስለሚገኙ ከቤት ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። ዘሩ ወድቆ እንዲበቅል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ምግብ፣ ተስማሚ ሙቀትና ውኃ ናቸው። ምግቡ በየቤቱ ሞልቷል፤ በግድግዳ ላይ ያረፈ አቧራ፣ የወጥ ቤት ቅባት፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ በጭቃ ውስጥ የተቦካ ጭድ፣ የቀለሙ ማጣበቂያ ሳይቀር ይበቃዋል። ሙቀቱም ለሰው የሚመቸው ያው ሙቀት ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለውና ልንቆጣጠረው የምንችለው ውኃው ብቻ ነው።

ለዚህም ሩቅ ሳንሄድ ከእናቶቻችን ወጥ ቤት ትምህርት ማግኘት እንችላለን። ባለሙያ ሴት ከምጣድ የወጣ እንጀራ ሳይበርድ በመሶብ አትከድንም፤ እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ በሰፌድ ላይ ታቆየዋለች። ትኩሱን የከደነች እንደ ሆነ ላቡ በክዳኑ ተመልሶ እንጀራው በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ይሻግታል። እርጥብ ግድግዳን በቀለም መሸፈንም ትኩስ እንጀራን በመሶብ ከመክደን የተለየ አይደለም።

ሻጋታ ለመብቀል ግድግዳው የግድ በውኃ መንጠብጠብ የለበትም። ከግድግዳው ገጽ ጋር በተጣበቀው ስስ አየር ውስጥ አንጻራዊው ርጥበት 80 በመቶ ያህል ሆኖ ለብዙ ቀናት ከቆየ ይበቃል። የቤቱ አየር 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 70 በመቶ አንጻራዊ ርጥበት አለው እንበል። ይህ አየር 16 ዲግሪ ያህል ወደ ቀዘቀዘ ገጽ ሲደርስ ጤዛ ይጥላል። ነገር ግን ግድግዳው ወደ 20 ዲግሪ ዝቅ እንዳለ በገጹ ላይ ያለው ርጥበት 80 በመቶ ይደርሳል። በክፍሉ አየርና በግድግዳው መካከል ያለው የሁለት ዲግሪ ልዩነት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ «ግድግዳው ደረቅ ይመስላል» የሚለው የዐይን ምስክርነት ለመሐንዲስ በቂ ማስረጃ አይደለም።

የውኃው አራት መግቢያዎች

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ወደ 950 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘረጋል፤ እውነተኛ የማድረቂያ ወራቷ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ከፍታው ይጨምራል። በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሐይቁ ሞልቶ የዳርቻውን ሰፈር ማስጨነቁንና በኋላም የመከላከያ ግድብ መሠራቱን የቆዩ ነዋሪዎች አይዘነጉትም። በእንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ውኃ ወደ ግድግዳ የሚገባባቸው መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው መንገድ ከመሬት ነው። ውኃ በግንቡ፣ በሲሚንቶውና በልስኑ ረቂቅ ቀዳዳዎች፣ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ ሁሉ፣ ወደ ላይ ይሳባል። በመሠረቱና በግድግዳው መካከል የርጥበት መከላከያ ንጣፍ ከሌለ ወይም የውጭው አፈር ከቤቱ ወለል በላይ ከተቆለለ፣ ርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። ውኃው ብቻውን አይመጣም፤ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ያመጣል። ውኃው ሲተንን ጨው በገጹ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከቀለሙ ሥር ሲጠጥርም ቀለሙን ገፍቶ ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከሰማይ ነው። የተሰነጠቀ ልስን፣ በምስማር ዙሪያ የላላ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ወይም በቅጠል የተዘጋ አሸንዳ፣ የክዳኑ ከንፈር ማጠር፣ እነዚህ ሁሉ የዝናቡን ውኃ ወደ ግድግዳው ይመራሉ።

ሦስተኛው መንገድ ከቤቱ ከራሱ ነው። ሰው ሲተነፍስ፣ ምግብ ሲበስል፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ ብዙ ውኃ ወደ አየሩ ይገባል፤ አንድ ቤተሰብ በቀን የሚያተንነው ውኃ ስድስትና ሰባት ሊትር ሊደርስ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ መውጣቱን ነው። አራት ሰዎች በሚተኙበት፣ በዚያው በሚበሰልበትና መስኮቱ ለሌባ ሲባል በማይከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ይፈልጋል። ከአልጋውና ከሣጥኑ ኋላ ሻጋታ መብዛቱም አየር የማይዘዋወርበትና ሙቀት የማይደርስበት ገጽ በመሆኑ ነው።

አራተኛው መንገድ ከግንባታው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሲቦካ ከ160 እስከ 200 ሊትር ውኃ ይገባበታል፤ ብሎኬቱም ልስኑም ውኃ እየጠጡ ነው የሚጠነክሩት። ከዚህ ውኃ ከፊሉ ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ ይቀራል፤ የተረፈው ግን በአየር መውጣት አለበት። ቤቱን ለማስረከብ ተቸኵሎ በሳምንቱ ቀለም ሲቀባ ያ ውኃ መውጫ ያጣል።

ምክንያቱን ስለ መለየት

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት በሽተኛውን እንደሚመረምር ሁሉ፣ መሐንዲስም ቀለም ከማዘዙ በፊት ግድግዳውን መመርመር ይገባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም።

በመጀመሪያ የታየው ነገር ሻጋታ መሆን አለመሆኑን መለየት ያሻል። ነጭ ሆኖ እንደ ዱቄት የሚረግፍና በውኃ የሚሟሟ ከሆነ ጨው ነው። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ከሆነ በላዩ አንድ ጠብታ በረኪና ማሳረፍ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ መሆኑ ይገመታል፤ ካልነጣ ጥላሸት ወይም እድፍ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ እድፉ ያለበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ከወለሉ ተነሥቶ በአንድ ሜትር ገደማ እንደ ማዕበል መስመር የሚቆም ከሆነ ከመሬት የመጣ ነው። ከኮርኒሱ ሥር ወይም ከመስኮቱ ጥግ ከጀመረና ከዝናብ በኋላ ከሰፋ ከክዳኑ ወይም ከስንጥቅ የመጣ ነው። ከአልጋና ከቁም ሣጥን ኋላ፣ በውጭ ግድግዳዎች ማዕዘንና በኮንክሪት ቢም ላይ ብቻ ከታየ የቤቱ እንፋሎት ነው።

ሦስተኛው የላስቲክ ፈተና ነው። ወርዱም ቁመቱም 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሚያሳይ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዳር ዳሩ በፕላስተር በሚገባ ተጣብቆ ቢያንስ ለ16 ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጠብታው በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ከታየ፣ ውኃው ከግድግዳው ሆድ እየወጣ ነው። ጠብታው ወደ ክፍሉ በዞረው ገጽ ላይ ከታየ ግን ከቤቱ አየር የመጣ ነው። በሁለቱም በኩል ደረቅ ከሆነ መቀባት ይቻላል። ይህን ፈተና ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ ጣሳ ቀለም ዋጋ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ከቀለም በፊት ሊሠራ የሚገባው

ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ሥራው አስቸጋሪ አይደለም። መጀመሪያ የውኃው ምንጭ ይዘጋል። በግድግዳው ዙሪያ የተቆለለው አፈር ከወለሉ በታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ይቈፈራል፤ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይስተካከላል፤ አሸንዳው ይጠገናል፤ ስንጥቁ ይደፈናል፤ ከኮርኒሱ ሥር ወንፊት ያለው የአየር ቀዳዳ ይከፈታል።

ሁለተኛ ሻጋታው ይወገዳል። በደረቁ መፋቅ ዘሩን በቤቱ ሁሉ መበተን ስለሆነ ክልክል ነው፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት ያስፈቅሁት ጊዜ የሠራሁት ይህንኑ ነበር። ገጹ በሳሙና ውኃ ርሶ በብሩሽ ይታጠባል፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ሠራተኛው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና መነጽር ያድርግ፤ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ከክፍሉ ይራቁ፤ መስኮቱም ይከፈት። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከሰፋ ወይም ልስኑ ከበሰበሰ ልስኑን ጨርሶ ማንሣት ይሻላል።

በረኪናን በሚመለከት አንድ ነገር ልናገር። አንድ እጅ በረኪና በ16 እጅ ውኃ ተበጥብጦ በንጣፍ ድንጋይና በመስታወት ላይ ጥሩ ይሠራል። በልስን ላይ ግን ቀለሙን ያነጣል እንጂ ወደ ቀዳዳው ዘልቆ ሥሩን አይነቅልም፤ ውኃው ግን ይዘልቃል። ስለዚህ የነጣ ግድግዳ የዳነ ግድግዳ ነው ማለት አይደለም። በረኪናን ከአሲድ፣ ከሆምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በምንም ዐይነት ሊደረግ አይገባም።

ሦስተኛ ግድግዳው ይደርቃል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን እንኳ አየሩ ደረቅ ሆኖ 28 ቀን ያህል መቆየት ይገባዋል፤ ከመሬት ውኃ የጠጣ ግድግዳማ ወራት ይፈልጋል። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ፤ ለብዙ ነገር መልካም ምክር ነው። የቀለም ሥራ ግን ከዚህ ምሳሌ ውጭ ነው። በሐዋሳ ግንቦት ላይ የሚቀባ ሰው ከዝናቡ ጋር ውርርድ እንደ ገባ ይቈጠራል።

አራተኛ ተገቢው ቀለም ይመረጣል። ርጥበት ሊመለስበት በሚችል ግድግዳ ላይ እንደ ላስቲክ የሚጋረድ ቀለም ጠላት ነው። ዘይት ቀለምም ባልደረቀ የሲሚንቶ ልስን ላይ ሲቀባ፣ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው አልካሊ ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ይለጥጣል፣ ይላጣልም። የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ያለባቸው ቀለሞች በገበያ ላይ አሉ፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከጊዜ ጋር እየደከመ የሚሄድ ስለሆነ የውኃውን ምንጭ በመዝጋት ፈንታ ሊቆም አይችልም።

ስለ ጭቃ ቤትና ስለ ኖራ

በከተሞቻችን ብዙ ሕዝብ የሚኖረው በጭቃ ቤት ስለሆነ ስለ እርሱም ጥቂት ማለት ይገባል። የጭቃ ግድግዳ በውኃ አይታጠብም፤ የሻገተው ምርጊት ጥቂት ተረጭቶ አቧራው ከታገሠ በኋላ ተነሥቶ በአዲስ ጭቃ ይመረጋል። ጭቃ ውኃን የመጠጣትና መልሶ የመስጠት ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስንና ፕላስቲክ ቀለም መደረብ ርጥበቱን ውስጥ አስቀርቶ ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ ኖራ የተሻለ ነው። ኖራ ጠንካራ አልካሊ በመሆኑ ትኩስ ሳለ ሻጋታ በላዩ ለመብቀል ይቸገራል፤ ቀዳዳውንም ስለማይደፍን ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል። ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ድክመቱ ልብስ ሲነካው መልቀቁና በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እንዲታደስ መፈለጉ ነው። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው ስለሚፈላ ዐይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሕፃናት በሌሉበት በጥንቃቄ ይብረድ። ብዙዎቻችን ኖራን የድሃ ቀለም ነው ብለን ንቀነዋል፤ የናቅነው ግን ለርጥብ ግድግዳ ከሚስማሙት አንዱን ነው።

የጤና ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ ርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ ርጥበትና ሻጋታ ባለባቸው ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ ለኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። ከዚህ መጠን በታች አይጎዳም የሚል የቁጥር ወሰን አላስቀመጠም፤ ያለው ርጥበቱን ከመነሻው መከላከል ይገባል ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። በኖቬምበር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ሕፃኑ የሞተው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በመጣ ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን ወሰነች። የሕፃኑ አባት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሻጋታው ባመለከተ ጊዜ የተሰጠው ምክር «በላዩ ቀለም ቀባበት» የሚል ነበር። በዚህ ምክንያት በ2023 በወጣው ሕግ የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች ሻጋታንና ርጥበትን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስወግዱ ግዴታ ተጣለባቸው።

ባልደረቦቼ፣ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ለብዙ ቀናት ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ያ ምክር እኔ ለእኒያ እናት ከሰጠሁት ምክር በአንድ ቃል እንኳ አይለይምና ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እኛ ግን በሽታውን ደብቀን ለመደበቂያው ዋጋ እናስከፍላለን።

የስሕተቱ መታረም

በኅዳር ወር እኒያን እናት ይቅርታ ጠይቄ ሥራውን በራሴ ወጪ እንደገና ጀመርን፤ ሽማግሌውንም ቀለም ቀቢ ፈልጌ አመጣኋቸው። ግድግዳውን ከውጭ ብንመለከት ከአትክልት ቦታው የተነሣው አፈርና የግንባታ ፍርስራሽ ከወለሉ በላይ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆልሏል፤ ከዚያም በላይ የአሸንዳው ክርን ተሰብሮ የክዳኑን ውኃ ሁሉ በዚያው አፈር ላይ ያፈስሰዋል። ይህን ለማየት የአምስት ደቂቃ ዙረት ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን በግንቦት ያንን አምስት ደቂቃ አልሰጠሁትም።

አፈሩን ቈፍረን አነሣን፤ አሸንዳውን ጠገንን፤ ልስኑን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ አራግፈን ብሎኬቱን ራቁቱን ተውነው። በየወሩ የላስቲኩን ፈተና አደረግን። በታኅሣሥ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ተንጠባጠበ፤ በጥር ጥቂት ጉም ብቻ ያዘ፤ በየካቲት አጋማሽ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ኖራና ሲሚንቶ ተቀላቅሎ ተለሰነ፤ ሽማግሌውም ኖራውን ቀቡት። ከኮርኒሱ ሥር ሁለት የአየር ቀዳዳዎች ተከፈቱ፤ ለምግብ ማብሰያም በበረንዳው ላይ አነስተኛ ዳስ ተሠራ። ክፍሉ በመጋቢት ተከራየ።

በቀጣዩ ክረምት ግድግዳው ፍጹም ሆነ ብዬ አልዋሽም። ከመሠረቱ በላይ የርጥበት መከላከያ ንጣፍ የሌለው አሮጌ ሥራ ነውና ከወለሉ አጠገብ ጥቂት ጨው ወጥቷል፤ ከቁም ሣጥኑም ኋላ መዳፍ የምታህል ሻጋታ ታይታ በሳሙና ተጠርጋለች፤ ሣጥኑም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሏል። ነገር ግን ቀለም አልተላጠም፤ ተከራይም አልወጣም።

ከማኅበራችን የሚጠበቀው

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት ለጉባኤው ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በምናዘጋጃቸው የሥራ ዝርዝሮችና ውሎች ውስጥ «ማድረቅ» ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ሆኖ ጊዜና ዋጋ ይቈረጥለት። ዛሬ በውሎቻችን ውስጥ የቀለሙ ዐይነትና ብዛት ይጻፋል፤ የሚቀባበት ግድግዳ መድረቁ ግን እንደ ራሱ ይታሰባል። የላስቲክ ፈተናው ውጤት ሳይመዘገብ የቀለም ክፍያ ባይጸድቅ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ በከተማችንና በአካባቢዋ የሚሠሩ አነስተኛ ቤቶች ሁሉ፣ የጓሮ ክፍሎችም ጭምር፣ የርጥበት መከላከያ ንጣፍ፣ በቂ የክዳን ከንፈርና የአየር ቀዳዳ እንዲኖራቸው አባሎቻችን በሚሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይምከሩ። በመሠረቱ ላይ የሚደረገው አንድ ንጣፍ ሬንጅና ላስቲክ፣ ከዓመታት በኋላ ከሚደረገው ጥገና ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ ከግንበኞች፣ ከለሳኞችና ከቀለም ቀቢዎች ጋር በዓመት አንድ ጊዜ የምንገናኝበት የምክክር ቀን ይዘጋጅ፤ እኛ ልናስተምራቸው ብቻ ሳይሆን ልንሰማቸውም ነው። እኒያ ሽማግሌ በመዳፋቸው ያወቁትን እኔ በዩኒቨርሲቲ ከተማርሁት ስሌት ጋር ሳገናኘው ሁለቱ አንድ ነበሩ። ልዩነቱ እርሳቸው ግድግዳውን መንካታቸውና እኔ አለመንካቴ ነበር።

የመሐንዲስ ቃል በተራ ሰው ቤት ክብደት አለው። ያቺ እናት ዕቁባቸውን ያወጡት ቀለሙን አምነው ሳይሆን እኔን አምነው ነው። ድልድይ ሲፈርስ ምርመራ ይደረጋል፣ ጋዜጣ ይጽፋል፤ በአንዲት የጓሮ ክፍል ግድግዳ ላይ ግን ስሕተታችን በጸጥታ ይበቅላል፤ የሚከፍሉትም ሊከሱን የማያስቡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከእንግዲህ «ምን ዐይነት ቀለም ልቀባ?» ተብለን ስንጠየቅ፣ መልሳችን በመጀመሪያ «ውኃው ከየት ነው የሚመጣው?» የሚል ጥያቄ እንዲሆን በአክብሮት አሳስባለሁ።